ቀጭን ሽቦ

ሠላሳ ሁለት ዓመት በገመድ ላይ ኖርኩኝ፣
በግሬኖብል ሰማይ፣ ከኢዜር ወንዝ በላይ፣ ሰው ሳሻግር ሸበትኩኝ።
ገመድ ሲደክመው ይናገራል፤ ጆሮዬ ለምዶታል ቋንቋውን፣
ሳይበጠስ በፊት ለይቼ እሰማለሁ ከጩኸቱ ውስጥ ሕመሙን።

ስለዚህ ነው፣ ሲዶኒ፣ ዶክተር ማዜሊዬ በእርሳስ ሥላ
«ቀጭን ሽቦ እናኖራለን፣ ከአንጎሏ ጥልቅ፣ እዚህ ጋ» ብላ
ስታሳየኝ፣ የባልን ጥያቄ ትቼ የሠራተኛ ጥያቄ ያመጣሁት፣
«ውፍረቱስ? ቢበጠስ ማን ይጠግናል? ባትሪው ስንት ክረምት ይችላል?» ያልኩት።
እሷ ሳቀች። አንቺ አልሳቅሽም።
እጅሽ ጉልበትሽ ላይ፣ ብቻውን፣ የማይታይ ክኒን ያድቦለቡላል፤
ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ያ እጅ የጓንት ቆራጭ እጅ ነበር። የግልገል ቆዳ ሲዳስስ
በየት እንደሚሳብ፣ በየት እንደሚቀደድ ያውቃል፣ ገና መቀስ ሳይደርስ።
መጀመሪያ ፊርማሽ አነሰ።
ቀጥሎ ሾርባው ፈሰሰ።
ክኒን መጣ፤ ሠራ፤ ሠራና ደግሞ ጉልበቱ ኮሰሰ።
ኋላማ በአንድ ቀን ሁለት ሴት ሆንሽብኝ፣ አንዷ ድንጋይ፣ አንዷ እሳት፣
በመሀል የኔዋ በር ከፍታ ብቅ ትላለች፤ በቅጡ ሰላም ሳልላት
ትሄዳለች።

ማክሰኞ ራስሽን ላጩት። የብረት አክሊል፣ አራት ብሎን።
እኔ ኮሪደር ላይ የወለሉን ንጣፍ ቆጠርኩ፤ ረሳሁት ስንት እንደሆን።
የቀረውን አንቺ ነሽ የነገርሽኝ፦
«አላስተኙኝም፣ ኦክታቭ። መሰርሰሪያው ጥርሴ ሥር ጮኸ እንጂ አላመመኝ።
ከዚያ ድምፅ ማጉያ ከፈቱ፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዶፍ የመሰለ፤
‹ይኼ ምንድነው?› ብል፣ አንዱ ከጀርባዬ ‹አንቺ ነሽ› አለ።
የራሴን ዝናብ ሰማሁ።
ከሃያ ወደ ታች ቍጠሪ አሉኝ፤ አሥራ ሦስት ላይ ምላሴ ታሰረ፣
ሽቦውን ለጥቂት ሳቡት፤ ‹አሥራ ሁለት› ከአፌ በረረ።
ከዚያ እጄ ቆመ።
ወፍ ገመድ ላይ እንደምታርፍ፣ እንዲያው ዝም።
ማን ያዘው ብዬ ዞር ልል ስል፣ ራሴ ታስሯል በብሎን።
ማንም አልያዘውም።»

ባትሪው ከአንገትሽ አጥንት ሥር ነው፤ ቆዳሽን ገፋ አድርጓል።
በሴኮንድ መቶ ሠላሳ ጊዜ፣ ያለ ዕረፍት ይመታል፣ ተብሏል።
ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ምንም የለም፣ ጭር ያለ።
በዕድሜዬ የመጀመሪያው ገመድ ነው ድምፁን ከኔ የከለለ።

ግን ሌሊቱን ልናገር።
ስምንት ዓመት፣ እንቅልፍ እስኪወስድሽ፣ አልጋው በእጅሽ ይናጥ ነበር፣
ካቢናው ከጣቢያ ሲነሣ እንደሚያደርገው፤ እኔም በሱ ነበር የምተኛው።
አሁን አልጋው ግንድ ሆነ። ሦስት ሌሊት መብራት አበራሁ፣
አፍንጫሽ ላይ አጎነበስኩ፤ ትንፋሽሽን ፈለግሁ።
በአራተኛው «አልሞትኩም» አልሽ፤ ድምፅሽ ቀጥኗል፣
ሽቦው የሰጠሽን ባያህልም፣ እሱም የድርሻውን ወስዷል።
ሪሞቱን ከራስጌ አንሥተሽ አጠፋሽው።
ትንሽ ቆየና እጅሽ መጣ፤ አንሶላውን፣ ፍራሹን፣ ያን ድሮውን አልጋ አናወጠው።
«በቃህ?»
በቃኝ።
አበራሽው።

እሑድ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ሳብሽ። አንድ የግራ ጓንት፣ አመድማ፣
አውራ ጣቱ ሳይሰፋ ስምንት ዓመት የተኛ፣ በጨለማ።
መርፌ አወጣሽ። ክሩን በከንፈርሽ አረጠብሽ፣
እኔ መተንፈስ ትቼ በመስኮት አያለሁ እንዳላየሁሽ።
እጅሽ እንደ ግድግዳ ጸና። ክሩ ግን የመርፌውን ዓይን ስቶ አለፈ።
ደገምሽ። አለፈ። ሠለስሽ። አለፈ።
«እጄ አይደለም!» አልሽና በሳቅ ወደቅሽ፤ «ዓይኔ ነው፣ አንተ ሰውዬ!
እጄን ስጠብቅ ስጠብቅ፣ አርጅቶ ቆየኝ ዓይኔ!»

መነጽሬን አውልቄ ሰጠሁሽ።