የዓርብ ሌሊት ምክር ለፈትለወርቅ

ፈትሌ፣ ዓርብ ሌሊት እንቅልፍ ካስቸገረሽ፣
የአጅማን ወበቅ ጣራ ቤት ካሳረረሽ፣
ስም ያላቸውን ተይ፤ ደም ብቻ ነው እነሱ፣
እንደ ኩሽና ቧንቧ ሲንጠባጠቡ ሲያፈሱ።

ሎርና ከፊሊፒን አንድ ሰጥታኛለች፤
ሴትዮዋ ማታ ማታ ወገቧን ትፈታለች፣
ላይኛው በርሮ ሲሄድ ሰው ሊበላ ርቆ
ታችኛው ይቀራል ጓሮ ውስጥ ተደብቆ።
ባሏ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው?
እግሯን ግንድ መስሎት
እርጥብ ሱሪውን አሰጣበት።
በሳቅ ትራሴን ነከስኩ፣ ልጆቹ እንዳይነቁብኝ።

ሾፌሩ ኩንጁ የላከልኝ ደግሞ አለ፤
ከዘንባባ ወርዳ መንገደኛ ይዛ
"ለቅጠሌ ኖራ ስጠኝ" ትላለች በለዛ።
ሰውዬው ነጋዴ ነው፣ "ዋጋ ቁረጪ" አላት፤
ሲጨቃጨቁ ነጋ፣
ፀሐይ በላት።

የዚህን አገሯን ግን ብቻሽን አትዪ።
ሽቶዋ ከሩቅ ይጣራል፣ እጇ ሂና፣ ዓይኗ ኩል፤
ቀሚሷ ገለጥ ሲል የአህያ ኮቴ።
እኔስ ጉትቻ ያጠለቀ ጅብ ሲወራ ነው ያደግኩት፣
ምኑ ይደንቀኛል?
ማዳም ግን ጮኸች።
ብርጭቆዋን ከብርጭቆዬ የምትለይ ሴት
እጄን እንደያዘች ፊልሙ አለቀ።
"ዛሬ ጣራ አትውጪ፣ በሬ ሥር ተኚ" አለች፣
ትእዛዝ እንኳ አይመስልም ነበር።

ተኛሁላት።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግን፣ ፈትሌ፣
የራሷን ባለታኮ ጫማ
በሁለት እጄ ይዤ
እብነ በረዱ ላይ፣ ቀስ አድርጌ፣
ኳ…
ኳ…