ቀኝ ወንበር

ላቀው ነው የጠራኝ። መታወቂያው ላይ አቪሻይ ይባላል፤
እናቱ ግን ላቀው ትለዋለች፤ ለእኔም ላቀው ይቀላል።
«ጋሼ፣ መኪና እይልኝ» አለ፣ «የአሜሪካ፣ ትልቅ፣
አምስት ልጅ ጭኖ ዳገት ላይ የማይጨነቅ።»

ከዲሞና አራድ በአውቶቡስ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤
ግመል ያቋርጣል ይላል ምልክቱ፤ ግመሉን ግን አላየነው።

ቆሟል ከሕንጻው ሥር፣ ችሎት ላይ እንደ ተቀመጠ ሹም፣
ቡይክ፣ የዘጠና ሦስት፣ ቀለሙ የተምር፤ ማንም አይገፋውም።
የሁለት መኪና ቦታ በልቶ፣ አፍንጫው መንገድ ወጥቶ፣
የማዘጋጃ ቤት ቅጣት መጥረጊያው ሥር ተኝቶ።

በዚህ አገር ያገለገለ መኪና የሚቆጠረው በእጅ ነው፤
«አንደኛ እጅ» አለች ሴትዮዋ። «የማን?» ስላት፣ «የባሌ ነው።»
ዶሪስ ይሏታል። ዕብራይስጡ አፏ ውስጥ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፤
የእኔም ጥርሴ ላይ ይሰናከላል፤ ግን እንግባባለን፣ ይበቃል።

ማግኔቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ጎኑን ዳሰስኩ፣ ከፊት እስከ ኋላ፤
የትም አልላላም፤ ስቱኮ የለም፤ ብረትና ቀለም እንጂ ሌላ።
ዝገት ፈለግሁ። አሽዶድ ቢከርም ጨው ይበላው ነበር፤
አራድ ግን እንደ ቋንጣ አድርቆ ያቆያል፤ ደግ አገር።

የዘይቱን ክዳን ከፈትኩ፤ ወተት መሳይ አረፋ የለም።
የማርሹን ዘይት አሸተትኩ፤ አላረረም።
ላቀው የዕቃ መጫኛው ውስጥ ገብቶ ተጋደመ በሳቅ፤
«ውጣ» አልኩት፣ «የገዢ ሳቅ ዋጋ ያስወድዳል፤ አትሳቅ።»
«ሰማንያ ሺህ ብቻ ነው የሄደው!» አለ በጉጉት፤
«ማይል ነው፣ ልጄ፤ ግማሹን ከነትርፉ ጨምርበት።
ደግሞ ቤንዚን ላይ ሰካራም ነው፤ አውቀህ አግባው ቤት።»

ከዚያ ነገሩ አልገጥም አለኝ።

ጎማው ተሰነጣጥቋል፤ ከመቆም ብዛት ሥሩ ጠፍጣፋ፤
ባትሪው ግን የዘንድሮ። ለማይሄድ መኪና አዲስ ባትሪ፣ የምን ተስፋ?
ከጭስ ማውጫው ትይዩ፣ ግድግዳው ላይ፣
ሳህን የሚያህል ጥላሸት፤
የቆመ ሞተር ትንፋሽ፣ ያንድ ቀን ያልሆነ።
የሾፌሩ ወንበር ጎድጉዷል፣ ከባድ ሰው ዕድሜውን ተቀምጦበት፤
ጉድጓዱ ውስጥ አሸዋ አለ፣ በጣት ስም የሚጻፍበት።
የቀኙ ግን ንጹሕ ነው። ጨርቁ ሳስቷል፤ ሙቀት ያለው ይመስላል።
ጎንበስ ብዬ የቁልፉን ቀዳዳ በመብራት አየሁ።
ጭረት፣ ደቃቅ ደቃቅ፣ ሁሉም ከቀኝ ወደ ግራ፤
እጅ ነው፤ ከጎን ተንጠራርቶ ስቶ ስቶ የሚያገኝ፣ በዳበሳ ሥራ።

ቀና ስል ዶሪስ ታየኛለች።
«እኔ መንዳት አልችልም» አለች ሳልጠይቃት። «እሱ ነበር የሚነዳ።
አሁን ጎረቤት በጭሱ ከሰሰኝ፤ ቅጣቱም ሆነ ዕዳ።»

ላቀው ዕብራይስጡን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ግን አልሰማትም፤
ስልኩ ላይ ይደምራል። «ጋሼ፣ አራት ሺህ አስቀንስ፤ ጉድለት አይጠፋህም።»
«ለጎማው ሁለት ሺህ።» «ሌላውስ?» «ሌላ የለም።»
ኮስተር አለ። ለዚህ ነበር የሚከፍለኝ፤ የሌለ ግን አልጽፍም።

ፎርሜ ሠላሳ ሁለት ሳጥን አለው፤ ፍሬን፣ መሪ፣ ራዲያተር፣
ሁሉንም «ደህና» ብዬ ሞላሁ፣ ከጎማው በቀር።
ከግርጌ «ልዩ ማስታወሻ» የሚል መስመር አለ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘልዬዋለሁ፤ እስክሪብቶዬ ዛሬ እዚያ ዋለ።
በአማርኛ ጻፍኩት፣ የትኛውም ቢሮ እንዳያነበው፦

የሾፌር ወንበር፦ አሸዋ።
ቀኝ ወንበር፦ በሥራ ላይ።

ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ስሙን አዞሩ። ሁለተኛውን ቁልፍ ሰጠችው፤
«የቀኙ በር ይከብዳል፣ ቀስ ብላችሁ ዝጉት» አለችው።
እኔ የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁ።
ላቀው በመስታወት አየኝ፦ «ጋሼ፣ ታክሲ ነኝ እንዴ?»
«ንዳ» አልኩት።