ሁለት ክንድ

የአባቴ ዱላ ለከብት አልነበረም፣
የውሻ ወገብም አንድ ቀን አልሰበረም።
ሁለት ክንድ ወይራ ነው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ
ቆርቆሮ የለበሰ፤
ጧት ጧት ተንበርክኮ፣ ጤዛ እየዳበሰ፣
ከሐዲድ እስከ ሐዲድ አግድም ያስተኛና
«ሰፍቷል» ይላል አንዳንዴ፣ አንዳንዴ «ጠበበ»፤
ደህና የሆነ ለት፣ ዝም ብሎ እግሩን ሳበ።

ባቡሯን ማን አመጣት? ወሬው ብዙ ዓይነት ነው፤
አንዱ «ጣልያን» ይላል፣ «ድንጋይ ሊያግዝባት ነው»፤
አንዱ «የለም፣ ኋላ፣ ለፋብሪካው ጥጥ ነው»።
አባቴን ስጠይቀው፣ «እኔ ያገኘሁት
መሬት ላይ ተኝቶ ነው፤ ያስተኛውን አላየሁት።»

ከኮምቦልቻ ገበያ እስከ ፋብሪካው በር፣
ቦርከናን ተሻግራ እስከ ቀይ አፈር፣
ስድስት ኪሎ ሜትር።
ሦስት ፉርጎ ሠራተኛ፣ አንድ ፉርጎ ጥጥ፤
ዳገቷ ላይ ስትደርስ እንደ እርጉዝ ስታምጥ
ወንዶቹ ይወርዳሉ ትከሻ ሊያውሷት፣
ልጆቹ በለስ ለቅመው በእግራቸው ሊደርሷት።
አበጋዝ ሾፌሩ ፉጨቷን ሲነፋ
ልብስ ያሰጡ ሴቶች ይራገማሉ በይፋ፤
«ጥቀርሻህ ይድፋህ!» ይላል ሰፈሩ፤
ሰኞ ለገበያ፣ ተጋፍተው፣ እነሱው ተሳፈሩ።

በአንድ ክፉ ነሐሴ ቦርከና ሲቆጣ
ሐዲዱን እንደ ክር ጠምዝዞት ሲወጣ፣
ያ ሁሉ ፈታይ ሴት፣ ያ ሁሉ ሸማኔ
ድንጋይ ሲቀባበል፣ «ለኔ» «ለኔ» «ለኔ»፣
በዘጠኝ ቀን አቆሟት። ደሞዝ አልተከፈለም።
አባቴ ሲለካው በጣት አልጎደለም።

አሚናት ተሰማ፣ የፈትል ክፍል ሠራተኛ፣
የሌሊት ተረኛ፣
ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ብናኝ ጥጥ አርፎባት፣
ስሙኒ ያጣች ለት፣ ቲኬት ቆራጩ አይጠይቃት፤
ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፣
«ደመናው ከበደ» ብሎ ያልፋል።
አንድ ቀን አባቴን፣ ከፉርጎው ጫፍ ሆና፣
«ምን ጠፍቶህ ነው» አለችው፣ «ጧት ማታ ጎንበስ ቀና?»
«እንዳትወድቂ ነው» አላት።
በዓመቱ አገባት።

ከዚያ አውቶብስ መጣ፤ ዳገት የማይፈራ፣
ትከሻ የማይበደር።
የፋብሪካው ደብዳቤ «ከኪሳራ በቀር…»
ብሎ ይጀምራል፤ አባቴ አንብቦ አልጨረሰውም ነበር።
ሐዲዱን ሲነቅሉት ሳምንት አልፈጀባቸው፤
እሱም ከኋላቸው እየተከተላቸው
ብረቱ የተኛበትን ይለካ ነበር፤
ሁለት የዝገት መስመር፣ መሐሉ አፈር።

ግማሹ የት ሄደ፣ እንጃ። ግማሹን አውቀዋለሁ፤
የአበጋዝ ደጃፍ ላይ፣ ስገባ እረግጠዋለሁ፤
የሼህ አራጋውን ጣራ ተሸክሟል፤
መስኖው ቦይ ላይ ተጋድሞ አህያ ያሻግራል።
ክንድ የማትሞላ ቁራጭ፣ ትምህርት ቤታችን፣ ዋርካው ላይ
ተሰቅላ፣ በድንጋይ ሲመቷት
ደወል ነበረች፤
እኔ ገና ከድልድዩ ማዶ ሆኜ ስሰማት
ደብተሬን በብብቴ ይዤ እሮጥ ነበር።
ባቡሯን በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤
ያመለጠችኝ ግን በቁጥር አይዘለቅም።

አባቴ ሲሞት ወንድሜ ቤቱን ወረሰ፣ እኔ ዱላውን።
ዘንድሮ ይዤው ሄድኩ፣ ላሳየው አዲሱን።
ጣቢያው ያብረቀርቃል፣ መስታወት ነው ሁሉ፤
ሐዲዱ መሐል ፍየሎች ሣር ይነጫሉ፤
ዘበኛው ታጁ ጥላ ሥር፣ ጫማውን አውልቆ፣
«መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው፣ «አብሽር» አለኝ ስቆ።

ተንበረከክሁ። ዱላውን አግድም አስተኛሁት።
አልደረሰም።
ገፋሁት፣ ሳብሁት፣
አንድ ክንድ ሙሉ ቀረው።
የታጁ ሳቅ ቆመ፤ «ምንድን ነው የጎደለው?»
«ሰፍቷል» አልሁት።
አንዷ ፍየል ቀና አለች፣
አየችኝ፣
ወደ ሣሯ ዞረች።