ምን ይሸታል?

በጥቅምት ጉንፋን ነው፣ እንደ ዋዛ ያዛት፤
ሲሄድ ባዶ እጁን አልነበረም፣
ሄደ አፍንጫዋን ይዞባት።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞጣ ላይ ስትጠምቅ
ቀን ቆጥራ አታውቅ፤
የጋኑን አፍ ገለጥ አድርጋ አንዴ ትስብና
«ነገ» ትላለች፣ ወይ «ገና»፤
ነገውም ነገ ይሆናል፣ ገናውም ገና።

አሁን ግን ጋን አቅፋ
ብትስብ፣ ብትስብ፣
ባዶ፤
ተከራይ ለቆት እንደ ሄደ ቤት።

ባሕር ዳር ደወለች። እኔ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤
የሰው በር አንኳኩቼ፣ አጎንብሼ፣ ቁጥር ጽፌ የምሸኝ።
«አፍንጫህን ይዘህ ና» አለችኝ።
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤
ስመኝ በጠላ አትቀልድም።

ጋኑን በግራዋ ፈተግሁት፣ በወይራ አጠንሁት ደፍቼ፤
ጌሾውን ወቀጥሁ፣ ቅጠሉን ለብቻ፣ እንጨቱን ለብቻ፣
አፌን በሻርፕ አስሬ፣ ሺህ ጊዜ አስነጥሼ።
እሷ ከበርጩማዋ ላይ፦
«እጅህ አይሰስት፤ ምሬቱን አትፍራው፣
ብቅል እኮ ልጅ ነው፣ ይባልጋል መራራ ካልገራው።»

በሦስተኛው ቀን ጥንስሱን ከፈትሁ።
«ምን ይሸታል?»
«ጌሾ።»
«ጌሾ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ምን ይሸታል?»
ዝም። ቁጥር ቢሆን አነበው ነበር።
«የታጨደ ሣር... ሌሊቱን ዝናብ የመታው።»
«ገና ነው» አለች፤ «ተወው።»

እንኩሮውን ሳማስል ስልኬ ጮኸ፣ ከቢሮ፤
ስመለስ ጠቁሯል፣ ከሰል መስሏል ዳጉሳው፣ አርሮ።
እሷ እዚያው ነበረች፣ ከምድጃው ክንድ በማይሞላ፤
ጭሱ በፊቷ ሲያልፍ፣ አፍንጫዋ ሥር ሲጉላላ፣
«ደረሰ እንዴ?» አለችኝ።
«ደርሷል» አልሁ።
አፍሬ፣ ከነእርሩ ደባለቅሁ።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት፣ ማታ ማታ፣ ምን ይሸታል?
«የበሰለ ሙዝ።»
«ይብላላ።»
«የረጠበ ጆንያ።»
«እሱ ያልፋል።»
አንድ ቀን ግን ራሴን ጋኑ ውስጥ አስገብቼ
ቃል አጣሁ፤ ቆየሁ አጎንብሼ።
«ምነው?»
«እማ፣ የአባዬ ካፖርት ነው፤
ከወፍጮ ቤት ሲመጣ፣ ገና ምስማር ላይ ሳይሰቅለው፤
የጋለ ቀበቶ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ዱቄት ከነላቡ...»

እጇ ጋኑ ላይ ቆመ።
«የቱ ካፖርት?»
«ቡኒው።»
«ክረምት ነው በጋ?»
ደግሜ ሳብሁ። «ክረምት፤ እርጥብ ነው።»
«እንግዲያው አንድ ቀን ይቅረው።»

በማግስቱ በጋ ሆነ።

ጠለልነው። ጨረቃ ያልወጣችበት ሌሊት ያህል ጥቁር፣
አረፋው እንደ ቡላ ፈረስ ጠጉር።
ጣሳ ዘንግ ላይ ደፍቼ መንገድ ዳር ተከልሁ፤
ጋሼ ቢያድግልኝ ቀድሞ ገባ፤ እኔ ከጓዳ በር ጥግ ቀረሁ።
ጠጣ። ጢሙን ጠረገ። ከጣሳው ጋር ጥቂት ተፋጠጠ።
«ስመኝ፣ ከሰል ነው የጠመቅሽው?» አለና
ዘረጋው፣ እንደገና።

ማታ ጣሳ ሳጥብ፣ «እማ፣ ያ እንኩሮ እኮ...» አልሁ፣ ልናዘዝ።
«ማረሩን? አይቼዋለሁ።
ጉንፋኑ የወሰደው አፍንጫ ነው፤ ዓይኔን ምን ነካው?»
«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»
«የተዋስሁት አፍንጫ ይዋሽ እንደሆነ ልወቅ ብዬ።»

ሰኞ ባሕር ዳር ገባሁ። በር አንኳኳለሁ፤
ቁጥሩን ከማንበቤ በፊት፣ ደፉ ላይ ቆሜ፣ አንዴ እስባለሁ።
አንዳንዱ ቤት ክረምት ነው።