አቶ ጀሪካን

ባለ ሃያ ሊትር ነው፤ ቢጫ፣ ክዳኑ የላላ፤
ዘይቱ ካለቀ ወዲህ ተጥሎ የኖረ፣ ከትኬት ቢሮው ኋላ።
ባንችአምላክ አነሣችው፤ ግማሹን ውሃ ሞላችው፤
ክንድና እግር ይሁነው ብላ የማኅተሜን አሮጌ ቱታ አለበሰችው፤
ባርኔጣ ደፋችለት፤ በሲባጎ አገጩ ሥር አሰረችው፤
«አቶ ጀሪካን» አለችው።

ልምምድ ነው ተባልን። ልምምድ? በሣቅ ፈረስን።
ካፒቴን ገደፋው ጢሙን እየዳሰሰ፣
አርባ ዓመት ከደቅ እስከ ጎርጎራ እንደ ተመላለሰ፣
ጣናን እንደ ጓዳው እንደሚያውቅ ነገራት።
ፊሽካዋን ከአንገቷ ሳታወርድ ሰማችው፤ ረጋ ባለ አንደበት፣
«አንተስ ታውቀዋለህ፤ እሱስ ያውቅሃል ወይ?» አለችው ድንገት።

የቅዳሜ ጭነት ይዘን፣ ክብራንን አለፍ ስንል፣
ሳናያት ገፈተረችው፤ «ሰው ወደቀ!» የሚል
ጩኸት ጀልባውን ሞላው።
ቀለበቱን ልወረውር ሮጥኩ፤ ቀለበቱ ከጣራው ብረት
በሽቦ ተጠፍሯል፤ ሌባ እንዳይወስደው በሌሊት።
ማኅተሜ ለጃኬቶቹ አጎነበሰ፤ ሳጥኑ ላይ
ሦስት ጆንያ ሽንኩርት፤ የታሰረ በግ ከላይ።
በጉ ተነሣ፤ ሽንኩርቱ ተነሣ፤ ቁልፉስ?
ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤
ንብረት ክፍሉ አዴት፣ ለቅሶ ነው።
«በየት በኩል ወደቀ?» አለ ካፒቴኑ፣ መሪውን እያሽከረከረ፤
አንዳችን ግራ አልን፣ አንዳችን ቀኝ፤
ዓይኑን ሳይነቅል የሚጠቁም አንድ ሰው አልነበረ።

አሥራ አንድ ደቂቃ።
ባንችአምላክ ሰዓቷን አየች፤ ቃል አልወጣትም።
የከሰዓቱ ነፋስ ተነሣ፤ የማዕበሉ ጥርስ ነጣ፤
አቶ ጀሪካን አንዴ ባርኔጣውን አሳየንና ታጣ።
«ነፍስ ይማር» አለ ማኅተሜ፤
እስከ ወደቡ ሣቅን።

ሰኞ ንጋት ላይ፣ ጉሙ ገና ከውሃው ሳይላቀቅ፣
አንዲት የደንገል ታንኳ መጣች፣ ከሩቅ፣
ከኋላዋ በገመድ የምትጎትተው ነገር ነበር።
ቀዛፊው ሽበታም ነው፤ ነጠላውን አዘቅዝቋል፤
ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ደም መስሏል።
«የማነው ልጅ?» አለ፣ ወደቡን ሳይረግጥ።
«የማነው ልጅ? ትናንት ሲመሽ
ደንገሉ መሐል በአፉ ተደፍቶ አገኘሁት፤
ገልብጬ ፊቱን ማየት ፈራሁት።
ብቻውን እንዳያድር አጠገቡ አደርኩ፤
ሌሊቱን ሙሉ አወራሁት፤
እናትህን ፈልጌ አገኛታለሁ አልኩት።»

ማንም አልሣቀ።
ማኅተሜ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገባ፤
ቱታውን ገለበጠው፤
ቢጫው በንጋቱ ብርሃን ቦግ አለ።

ሰውዬው አየው። ቆሞ፣ ረዥም ጊዜ አየው።
ይቆጣናል፣ ይረግመናል ብለን አንገታችንን ደፋን።
እሱ ግን ነጠላውን መልሶ አስተካከለ፤
ጀሪካኑን በመቅዘፊያው ጫፍ ቢነካው፣ ድው አለ።
«ተመስገን» አለ። «ሁልጊዜም ጀሪካን ያድርገው።»
የድካም ዋጋ ስንሰጠው አልተቀበለም፤ ስሙንም አልነገረን፤
ክዳኑን ብቻ ጠበቅ አድርጎለት፣ ቀዘፈ።

ቁልፉ አሁን መሪው አጠገብ፣ በቀይ ክር፣ ምስማር ላይ ነው።
ሽቦው ተቆርጧል፤ ቀለበቱ ሁለቴ ተሰረቀ፤ ሁለቴ ገዛነው።
ሳጥኑ ላይ ሽንኩርት የሚጭን ነጋዴ
ከካፒቴን ገደፋው ጋር ይጣላል፤
በጉም ቆሞ ይሄዳል።

ረቡዕ ረቡዕ አቶ ጀሪካንን እንጥለዋለን።
ሁለት ደቂቃ ከአርባ። ባንችአምላክ ዛሬም ሰዓቷን ታያለች፤
ዛሬም ዝም ትላለች።
እኔ ጠቋሚው ነኝ፤
ገመድ አልይዝ፣ አልጮኽ፣ ዞር አልል፤
ጣቴን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ሳልነቅል፣
ባርኔጣው ከማዕበሉ ብቅ ጥልቅ ሲል፣
ማንም እንዳይሰማኝ፣ በሆዴ፦
የማነው ልጅ?
የማነው ልጅ?