የሚመለስ ደም

ካርሜል ተራራ ላይ፣ ከሐይፋ በላይ፣
ምድር ቤት ነው ያለን፤ ባሕሩ አይታይ።
ማክሰኞ ማክሰኞ ከቄራ ይመጣል፣
ከበረዶ ሣጥን የጥጃ ልብ ይወጣል፤
ጮማው ተገፎለት፣ ደሙ ታጥቦ ሲያልቅ
ሦስት ክዳን ይቀራል፣ ከዓይን ቆብ የሚረቅ፤
ጋዜጣ ላይ ቢያርፍ ፊደል አይጋርድም።

አንዷን በሁለት መያዣ ግራና ቀኝ ወጥሬ
እስባታለሁ።
መጀመሪያ እሺ ባይ ናት፤ ትለጠጣለች፣
ለእንግዳ መደብ እንደምትለቅ ሴት ጠጋ ትላለች፤
ቆይታ፣ በአንድ ፀጉር ልዩነት፣
እምቢ።
ከእሺታዋ እስከ እምቢታዋ ያለችው፣
ጥፍር የማትሞላ መንገድ፣
እሷ ናት የእኔ የአራት ዓመት ትምህርት።

ዛሬ ለዶክትሬት ሁለት ቦታ ተከፍቶ
ሰባት ሰው መጣ፣ ማስረጃውን ይዞ።
ፕሮፌሰር ኖጋ ቀመር ጠየቀች፤
እኔ ወረንጦ ብቻ አቀበልኩ።
አንዱ በልበ ሙሉነት ይዞ ቀደዳት።
አንዱ ደሞዙን ጠየቀ፤ አልፈረድኩበትም፣
የሐዳር ሰፈር ኪራይ በቀመር አይከፈልም።
ከሳክኒን የመጣችው ሩላ ግን
ክዳኗን ከውሃው ሳታወጣ፣ ጎንበስ ብላ አየቻትና
«በሕይወት ሳለች ወዴት ነበር የምትከፈተው?» አለች።

ወዴት ነበር የምትከፈተው።
የልብ በር ፊቱ አንድ ነው፤ ያሳልፋል፣ ይዘጋል።
የሄደ ደም ከተመለሰ፣ እኛ ዘንድ፣ ስሙ በሽታ ነው።
ይህን ለእናቴ ስነግራት ሳቀች፤
«እንግዲያ እኔ ጤነኛ ነኝ፤
ከአምቦበር ከወጣሁ ወዲህ ዞሬ አላየሁ።»

ዋሸች። በሯ ያፈስ ነበር።
ልጅ ሆና ጉሮሮዋን ታማ በማር አለዘቡት፤
ጉልበቷ ቢያብጥም «ብርድ ነው» ብለው አሹት።
እሱ ግን ከጉልበት ወደ ልቧ ወጣ፣
አርባ ዓመት አድፍጦ ለብድሩ መጣ።
ደሟ ይመለስ ጀመር፣ ሌሊት፣ ያለ ቪዛ፣
በሄደበት በር፣ ሳሏን እያበዛ።

ከጥቁር ካርቦን የተሠራ በር ገጠሙላት።
ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌሊት ይቆጥራል፦
ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።
የግድግዳውን ሰዓት አወረድነው፤
ለአንድ ክፍል ሁለት ሰዓት ይበዛል።
በቀን መቶ ሺህ ጊዜ የሚዘጋ፣
እሺም እምቢም የማያውቅ በር።

«ሩላ ትሁን» አልኩ።
«ውጤቷ ከሌሎቹ ያንሳል» አለች ኖጋ።
ልብ አላት አላልኩም፤
ያ ቃል እዚህ ምድር ቤት በኪሎ ይመዘናል።
«ከመሳቧ በፊት ጠየቀች» አልኩ።
ኖጋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ መልስ አልሰጠችም።

ማሽኑን ለሌሊቱ አስነስቼ ወጣሁ፤
በሞቀ ጨው ውሃ ውስጥ
ትሳባለች፣ ትለቀቃለች፣ ሰሚ የላትም።
ቤት ስደርስ መብራት ጠፍቷል።
ጫማዬን ይዤ የእናቴ በር ላይ ቆምኩ፣
ሃያ ቆጠርኩ፣
ሳልከፍት አለፍኩ።