ሐረጎ ላይ

ሃምሳ ኩንታል ዱቄት ከኮምቦልቻ ጭነን፣
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሐረጎ አስቀረን።
ቀስቱ ቀዩን ነካ፣ ኮፈኑ ተነፈሰ፣
ሙሄ ታኮ ፍለጋ ድንጋይ አግበሰበሰ።
ውሃ ሰጠነው፣ ጠጣ፤ ጥቂት ሄዶ ፈላ፤
ደግሞ ሰጠነው፣ ጠጣ፤ ደግሞ ሄዶ ፈላ።
ደሴ ስንገባ መሸ፤ ሆዴም አብሮት ፈላ።

ሰኞ ገበያ ጥግ አበጋዝ መካኒኩ
«እስኪበርድ ቆዩ» አለ፣ «ክዳኑን አትንኩ፤
ሞተር በትኩሱ፣ ሰው በንዴቱ አይከፈትም።»
ሻይ ቀርቦልኝ ነበር፤ አንዴም አልቀመስኩትም።

ቺንጋውን ጫን አለ፤ ልኩን ተወጥሯል።
ቬንትሌተሩን ገፋው፤ ሳያንገራግር ዞሯል።
የዘይት መለኪያውን መዞ በጣቱ አሸና፣
«ወተት አልመሰለም፤ ጋርኒሲዮኑ ደህና።»
እኔ ግን የቴስታታ ማስወረጃውን ብር
እስከዚያች ደቂቃ በሆዴ እቆጥር ነበር።

ከዚያ ክዳኑን ፈታ፤ ገልብጦ አየው፣ አየው።
«ይሄ የማን ነው?» አለ።
እኔን አላየኝም። ሙሄን ነው ያየው።

የልጁ ጆሮ ቀላ፣ ከቀስቱም በላይ።
«የኛው ገደል ገባ፣ ባለፈው፣ ሐርቡ ላይ፤
ይሄን ካሮጌ መኪና ነቅዬ ከደንኩት።
ትጮህብኛለህ ብዬ ነው የደበቅሁት።»

አበጋዝ ከሣጥኑ ሌላ ክዳን ፈልጎ
ገጠመው። «የዚያ ላስቲክ እንፋሎት ያሾልካል፤
ግፊት ያጣ ውሃ ቶሎ ይፈላል።»
ያስከፈለኝ ሒሳብ ከምሳ አይበልጥም።

በሳምንቱ ደግሞ ጭነን ሐረጎን ወጣን።
ቀስቱ መሐል ላይ ቆመ፣ ንቅንቅ አላለም።
ሙሄ ግን ቀስቱን አያይም፤
ኩርባ በመጣ ቁጥር
የኔን ፊት ነው የሚያየው።